ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን አንብቡት

ስለ ሆሚዮፓቲ ፍሬዎች የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ስለበዙ ዛሬ አምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። በትንሽ የፕላስቲክ ቱቦ የሚመጡትን፣ ነጭ፣ ድቡልቡልና ጣፋጭ የሆኑትን ማለቴ ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስፖርት ስሠራ ጡንቻዬን ስላመመኝ እህቴ «አርኒካ ሞንታና 30ሲ» የሚል ቱቦ ሰጠችኝ። ማብራሪያ ወረቀቱ ጠፍቷል። ስንት ልውሰድ? በውሃ ነው የሚዋጠው? ደግሞስ ጉዳት የለውም?

መልስ፦ ይሄኛው አያስፈራም። ለምን እንደማያስፈራ ካወቅሽ ግን የሚያስፈራውንም ለይተሽ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ።

ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ሐሳቡን በ1796 ጽፎ አወጣው። ጤነኛ ሰው ላይ አንድ ዓይነት ሕመም የሚያመጣ ነገር፣ እጅግ በጣም በትንሹ ሲሰጥ ያንኑ የመሰለ ሕመም ያድናል ባይ ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ ያለው «በትንሹ» የምትለዋ ላይ ነው። ቱቦሽ ላይ ያለችው ሲ መቶን ነው የምታመለክተው። አንድ እጅ መነሻ ነገር በ99 እጅ ውሃ ወይም አልኮል ይቀጥንና አጥብቆ ይናጣል፤ ያ 1ሲ ይባላል። ከዚያ ላይ ደግሞ አንድ እጅ ይወሰድና እንደገና በ99 ይቀጥናል፤ 2ሲ ሆነ። ያንቺው 30 ጊዜ እንዲህ የተደረገ ነው። 12ሲ አካባቢ ሲደርስ ከመነሻው ነገር አንዲት ሞለኪውል መትረፏም ያጠራጥራል፤ 30ሲ ላይማ በቃ፣ የለም። ይሄ ፈሳሽ የስኳር ፍሬ ላይ ይደረግና ይደርቃል። ስለዚህ እቅጩን ልንገርሽ፣ እጅሽ ላይ ያለው ስኳር ነው። ወይ ተራው ስኳር ብቻ ነው፣ ወይ ደግሞ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር አብሮት አለ።

ኤክስ ወይም ዲ የምትል ፊደል ካየሽ ግን ሒሳቡ በአሥር ነው። 1ኤክስ አንድ አሥረኛ፣ 2ኤክስ አንድ መቶኛ፣ 3ኤክስ አንድ ሺህኛ። ይሄ እንግዲህ ቀልድ አይደለም፣ ውስጡ የሚለካ ነገር አለ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ሲያንስ መድኃኒቱ የሚለሰልስ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መነሻው ነገር ይበዛል። መነሻው ደግሞ እንደ አርኒካሽ ሁልጊዜ አበባ አይደለም። አርሰኒኩም አልበም የሚባለው አርሰኒክ ነው። መርኩሪየስ ሜርኩሪ ነው። ኑክስ ቮሚካ ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የሚገኝበት ዘር ነው። አኮኒተም የልብ ምትን የሚያናጋ መርዛማ ተክል ነው። ስማቸው በላቲን ስለሚጻፍ ለጆሮ ደስ ይላሉ። እነዚህ 30ሲ ሲሆኑ ብዙም አልጨነቅም፣ 2ኤክስ ወይም 3ኤክስ የሚል ካየሁ ግን እኔ አፌ ውስጥ አላስገባቸውም፣ አንቺም ባታስገቢ ይሻላል።

አሁን ወደ አወሳሰዱ። በውሃ አይዋጥም፤ ከምላስ ስር አድርገሽ ቀስ ብሎ እስኪሟሟ ትጠብቂያለሽ። መጠኑን ከእኔ ይልቅ ቱቦው ላይ እንደተጻፈው ውሰጂ፤ ብዙዎቹ ለአዋቂ 5 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ ይላሉ። ቱቦውን ገልብጠሽ ክዳኑን ስታዞሪው ፍሬዎቹ ክዳኑ ውስጥ ይወድቃሉ፣ ከክዳኑ በቀጥታ ወደ አፍሽ። ተኝተሽ አትውሰጂው፣ ትን ሊልሽ ይችላል። ሕመሙ ሲተውሽ አንቺም ተይው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሕመሙን ራሱን ተመልከቺው። እግርሽ ላይ መቆም ካልቻልሽ፣ ወይም አንዱ ባትሽ ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከቀላ ወደ ሐኪም ሂጂ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፣ ለዚያ አርኒካ አይደርስልሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ የ8 ወር ናት። ጥርስ እያወጣች ሌሊቱን ሙሉ ታለቅሳለች። ጎረቤቴ ለጥርስ ማውጫ የሚሆን የሆሚዮፓቲ ፍሬ አመጣችልኝና «ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርጋትም» አለችኝ። ልስጣት?

መልስ፦ አትስጫት። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ «እንደ ሁኔታው» እያልኩ ልመልስ እችላለሁ፣ ይሄኛውን ግን አልልም።

ለጥርስ ማውጫ ተብለው ሲሸጡ የነበሩት ፍሬዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቤላዶና አለ። ቤላዶና መርዛማ ተክል ነው። የዓይን ሐኪም ብሌን ለማስፋት የሚያንጠባጥበው አትሮፒን የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ይገኝበታል። ነገሩ በጣም የቀጠነ ነው ተብሎ ነበር የሚሸጠው። ሆኖም በ2010 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የቤላዶናው መጠን ከፍሬ ፍሬ ይለያያል ብሎ አስጠነቀቀ፣ ምርቱም ከገበያ ተሰበሰበ። ተስተካክሏል ተብሎ ተመለሰ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ይኸው መሥሪያ ቤት የላብራቶሪ ውጤቱን ሲያወጣ፣ አንዳንዶቹ ውስጥ የተገኘው መጠን ቱቦው ላይ ከተጻፈው እጅግ የበለጠ ነበር፤ ያንኑ ዓመት እንደገና ተሰበሰበ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቁጥሩን አንብቡ እያልኩ ቁጥሩ ራሱ ሲዋሽ እናት ምን ታድርግ? ለዚህ ነው ለሕፃን ጭራሽ አይሰጥ የምለው።

አስቀድመሽ ሰጥተሻት ከሆነ አትደንግጪ፣ ግን ተከታተያት። ከወትሮው የበዛ እንቅልፍ፣ የሰውነት መዛል፣ የቆዳ መቅላት፣ ሽንት ለመሽናት መቸገር፣ የሆድ ድርቀት፣ መቅበጥበጥ ካየሽ ቱቦውን ይዘሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። መንቀጥቀጥ ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ደግሞ ለደቂቃም አትዘግዪ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ፍሬው ምንም የሌለበት ንጹህ ስኳር ቢሆን እንኳ ድድ ብቻ ላላት ልጅ ጠጣር ድቡልቡል ነገር ማጉረስ የማነቅ አደጋ አለው።

ድዷን በንጹህ ጣትሽ ቀስ አድርገሽ እሺላት። የጎማ ማኘኪያ ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘሽ ስጫት፣ በረዶ እስኪሆን ግን አይደለም፣ ድዷን ይጎዳዋል። ቤንዞኬይን ያለበት የሚያደነዝዝ ቅባትም ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይደረግም። ትኩሳቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በጥርስ አታሳቢው፤ ጥርስ ማውጣት እንዲህ ያለ ትኩሳት አያመጣም፣ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ጎረቤትሽንም አትቀየሚያት፣ ያየችውን ነው የነገረችሽ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 67 ነው፤ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት አለብኝ። ለእንቅልፍ እየወሰድኩት ያለው ፍሬ ስኳር ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። በዚያ ላይ ፍሬውን የሰጠኝ ሰው «ከግፊት ኪኒኑ ጋር አይስማማም፣ ኪኒኑን ለጊዜው ይተዉት» ብሎኝ ትቼዋለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ከኋለኛው ልጀምር፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። የግፊት ኪኒንዎን ማንም ተነስቶ ተወው ሊልዎ አይገባም። ይህን ማለት የሚችለው ያዘዘልዎ ሐኪም ብቻ ነው። አንዳንዶቹ የግፊት መድኃኒቶች በድንገት ሲቋረጡ ግፊቱ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል፤ ለስትሮክና ለልብ ድካም የሚዳርገው እንዲህ ያለው ነው። ዛሬውኑ ወደ ሐኪምዎ ወይም ወደ ፋርማሲ ባለሙያ ይሂዱና መቼ እንዳቆሙ ይንገሯቸው። ያለፈውን ለማካካስ ብለው ደርበው እንዳይውጡ።

ደግሞ ሰውየው ያለዎት አብሮ አይሄድም፤ በጣም የቀጠነ ፍሬ ከኪኒን ጋር የሚጋጭበት ምንም ነገር የለውም። ብዙም ያልቀጠነ ከሆነ ደግሞ የሚተወው ፍሬው ነው፣ ኪኒኑ አይደለም።

ስኳሩን በተመለከተ አይጨነቁ። 80 ገደማ ፍሬ የሚይዝ የተለመደው ቱቦ በጠቅላላው 4 ግራም ነው የሚመዝነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። 5 ፍሬ ሩብ ግራም ይሆናል። ይህ የስኳር መጠንዎን ከፍ አያደርገውም። በሌላ በኩል ስኳርዎ ወርዶ ቢያልብዎትና ቢያንቀጠቅጥዎ ጣፋጭ ነው ብለው በእነዚህ ፍሬዎች አይመኩ፤ ያኔ የሚያስፈልግዎ 15 ግራም ያህል ነው፣ ቱቦውን በሙሉ ቢገለብጡትም አይሞላም። የወተት ስኳር ሆዳቸውን የሚነፋቸው ሰዎች ላክቶስ የሌለበትን ይፈልጉ። ከውልደታቸው ጋላክቶስ ወይም ፍሩክቶስ የማይስማማቸው ደግሞ ቢተዉት ይሻላል።

እንቅልፉን ለሐኪምዎ ያንሱለት። ሌሊት እየደጋገመ ሽንት ቤት የሚያስኬድ ስኳር እንቅልፍ ይነሳል፣ ምክንያቱ እሱ ከሆነ መላ አለው።

ጥያቄ፦ የ3 ዓመት ልጄ ቱቦውን ከፍታ ሙሉውን ከረሜላ መስሏት በላችው!

መልስ፦ መጀመሪያ ልጅቷን እያት። ካላነቃትና ደህና ከተነፈሰች፣ ቀጥሎ ቱቦውን አንሺ። 12ሲ፣ 30ሲ፣ 200ሲ የመሳሰለ ከሆነ የበላችው አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ፣ ኤክስ ወይም ዲ ካለው፣ ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ ወይም ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ ግን ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ ቱቦውን ይዘሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ፣ የመርዝ መረጃ ማዕከል ባለበት አገር ካለሽ ደግሞ እዚያ ደውዪ። እንድታስታውክ አታስገድጃት። ለወደፊቱ ደግሞ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ ከሌላው መድኃኒት በበለጠ ከልጅ መደበቅ አለበት፤ «ከረሜላ» እያላችሁም አትስጡ።

ጥያቄ፦ ቡና መጠጣትና በሚንት የጥርስ ሳሙና መፋቅ ኃይሉን ያጠፋዋል ይባላል። በእጅ መንካትስ?

መልስ፦ ቡናህን ጠጣ። ይሄ የመጣው ከድሮዎቹ የሆሚዮፓቲ ሰዎች ነው፣ ካምፎርንም ይጨምሩበታል፤ የሚደግፈው ማስረጃ የለም። ከምግብ 15 ደቂቃ ማራቅን ብዙ ቱቦዎች ይጽፉታል፣ ብታደርገው ምንም አይጎዳህም። እጅን በተመለከተ የእኔ ምክንያት ከእነሱ ይለያል፤ የረጠበ እጅ ስኳሩን ያሟሟዋል፣ የቆሸሸ እጅ ደግሞ ቱቦውን ያቆሽሸዋል። በቃ ይሄው ነው።

ጥያቄ፦ ለሳል የተሰጠኝን ፍሬ ከጀመርኩ ወዲህ ብሶብኛል። የሰጠችኝ ሴትዮ ግን «መባሱ መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ነው፣ በርቺ» ትለኛለች። እውነት ነው?

መልስ፦ ሆሚዮፓቲ የሚሰጡ ሰዎች ሕመም መጀመሪያ ላይ ሊብስ ይችላል ብለው ያምናሉ፣ እሷም የተማረችውን ነው የምትነግርሽ። እኔን ግን ከፍሬው ይልቅ ይሄ አባባል ነው የሚያስፈራኝ። አስቢው፤ ከተሻለሽ መድኃኒቱ ሠራ፣ ከባሰብሽም መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ታዲያ መቼ ነው አልሠራም የሚባለው? የሳንባ ምች የያዘው ሰውም እኮ «እየሠራልኝ ነው» እያለ ሊከርም ነው።

እኔ የምልሽ፣ ከባሰብሽ ባሰብሽ ማለት ነው። የሚያስልሽ ከ3 ሳምንት ካለፈ፣ ደም ከቀላቀለ፣ ሌሊት ካላበሽ፣ ያለምክንያት ከከሳሽ ወደ ምርመራ ሂጂ፣ ሳንባ ነቀርሳ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ፊትሽና ከንፈርሽ ካበጠ ግን ነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ እናንተ ስኳር ነው ትላላችሁ፣ እኔ ግን ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር ወስጄ ይሻለኛል። ታዲያ ይሄ ምንድነው?

መልስ፦ እንደተሻለህ አምናለሁ። ጥያቄው ያሻለህ ማነው የሚለው ነው። ጉንፋን ራሱ ብዙውን ጊዜ በ7 እስከ 10 ቀን ይለቃል። መድኃኒት የምንፈልገው ደግሞ ሲጠናብን ነው፣ ከጠናበት ቀን በኋላ የሚመጣው ቀን አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ነው፤ ምስጋናውን ግን መጨረሻ ላይ የወሰድነው ነገር ይወስዳል። የሚያዳምጥህ ሰው ማግኘትና የሆነ ነገር እያደረግኩ ነው የሚለው ስሜትም የራሱ እፎይታ አለው፣ አልንቀውም።

ጥናቱን ያገላበጡ ሰዎች ግን የደረሱበት አንድ ነው። የብሪታንያ ፓርላማ የሳይንስ ኮሚቴ በ2010 መርምሮ ውስጡ መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ አይሻልም አለ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና ሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ2015 ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለበት አንድም የጤና ችግር አላገኘሁም አለ። በ2017 የእንግሊዝ የጤና አገልግሎት ሐኪሞች እንዳያዙት መከረ። ፍሬዎቹ በጣም በሚወደዱባት በፈረንሳይ እንኳ ከ2021 ጀምሮ የጤና መድን ወጪያቸውን መሸፈን አቁሟል። ለጉንፋን በጣም የቀጠነውን ብትወስድ ከኪስህ በቀር የሚጎዳ የለም፣ እኔም አልጣላህም። ለጆሮ ኢንፌክሽን፣ ለአስም፣ ለደረት ሕመም ስትወስደው ነው የምንጣላው።

ጥያቄ፦ ወባ ወዳለበት አገር ልሄድ ነው። የመከላከያ ፍሬ አለ ተባልኩ። ከክትባት ይልቅም የሚወሰዱ አሉ ይባላል።

መልስ፦ ይሸጣሉ፣ አዎ። አይከላከሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ለወባ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤችአይቪ፣ ለኢንፍሉዌንዛና ለሕፃናት ተቅማጥ ሆሚዮፓቲ አይመከርም ብሎ አስጠንቅቋል። ወባ በቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ለምትሄድበት አገር የሚስማማውን የወባ መከላከያ ኪኒን ሐኪም ይዘዝልህ፣ አጎበር ያዝ፣ ክትባትህን ተከተብ። ስትመለስ ትኩሳት ከያዘህ ወባ ያለበት አገር እንደነበርክ ሳትጠየቅ ተናገር።

ጥያቄ፦ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ምጥ ያቀላል የተባለ ፍሬ ልውሰድ?

መልስ፦ እኔ አልመክርሽም። ለዚህ ከሚሰጡት አንዱ ኮሎፊለም ከሚባል ተክል የሚሠራው ነው። ተክሉን ሳይቀጥን የወሰዱ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት ላይ የልብ ችግር የታየባቸው የሕክምና ዘገባዎች አሉ። 30ሲው ያን ያህል ባይሆንም፣ ቁጥሩ ትንሽ የሆነ ወይም ተክሉ ራሱ በተመሳሳይ ስም ሊደርስሽ ይችላል። በጠብታ መልክ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልኮል አለበት። የሚከታተልሽን ሐኪም ወይም አዋላጅ ነርስ ሳታማክሪ ምንም አትጀምሪ።

ጥያቄ፦ ጊዜው ያለፈበት ቢወሰድ ችግር አለው? ደግሞ በኢንተርኔት ያዘዝኩት ላይ ቁጥር የለውም፣ ስሙ ብቻ በእጅ ተጽፏል።

መልስ፦ ጊዜው ያለፈው ይጣል። ተጣብቆ፣ ቢጫ ሆኖ ወይም ሽታው ተለውጦ ከሆነ ቀኑ ባያልፍም ጣለው፣ እርጥበት ገብቶበታል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከፀሐይ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። «ሆሚዮፓቲ» የሚል ተለጥፎበት ምንም ያልቀጠነ ነገር አለ። በ2009 አፍንጫ ውስጥ የሚደረግ፣ ሆሚዮፓቲ ተብሎ የሚሸጥ ዚንክ ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ሰዎችን የማሽተት ችሎታ አሳጥቷል ተብሎ የአሜሪካው ባለሥልጣን ተጠቃሚዎች እንዲያቆሙ አስጠንቅቆ ነበር። አንዳንዶቹ እስከመጨረሻው ነው ያጡት። እንግዲህ የመነሻው ነገር ስም፣ ቁጥሩና ፊደሉ፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን ከሌለው አትቅመሰው። የሸጠልህን ገንዘብህን እንዲመልስ ጠይቀው፣ ካልመለሰም ይቅርብህ። ቆሻሻ ውስጥ ከመጣልህ በፊት ልጅ እንዳያገኘው በደንብ አሽገው፣ ወይም ፋርማሲው የሚቀበል ከሆነ እዚያ መልሰው።